ገንዘቡ፣ ማገዶውና አተላው፦ ጠላ ቤት ለሰፈሩ የሚጠቅም የቱሪዝም ቦታ የሚሆነው እንዴት ነው?

በሽሮ ሜዳ ሽቅብ ወደ እንጦጦ የሚወጣ ጎብኚ ብዙ ነው። እንጦጦ ማርያምን፣ የዳግማዊ ምኒልክን ቤተ መንግሥት፣ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ እንጦጦ ፓርክን አይቶ ይመለሳል። ይህ ሁሉ ሰው ሲወጣ ሲወርድ ግን ለጉለሌ ነዋሪ ምን ይተርፈዋል?

ዘላቂ ቱሪዝም የሚባለው ለነዋሪው ገቢ የሚሰጥ፣ ተፈጥሮን የማይጎዳና ነገም ሊቀጥል የሚችል ጉብኝት ነው። ለዚህ የግድ ትልቅ ሆቴል አያስፈልግም። በሩ ላይ በእንጨት በተሰካ ጣሳ የሚታወቀው ጠላ ቤትም ሊሠራው ይችላል። እንዴት? ሦስት ነገሮችን እየተከተልን እንይ።

ገንዘቡ የት ይሄዳል?

ለምሳሌ አንድ ጎብኚ 100 ብር አወጣ እንበል። ከውጭ የመጣ መጠጥ ከገዛበት፣ አብዛኛው ብር ከሰፈሩ አልፎ ከአገርም ይወጣል። ልክ እንደሚያፈስ እንስራ ማለት ነው። ጠላ ከሆነ ግን የገብሱና የጌሾው ዋጋ ለገበሬው፣ የድካሙ ዋጋ ለጠማቂዋ ይደርሳል። እሷም ከሽሮ ሜዳ ሸማኔ ነጠላ ስትገዛ ያው ብር ሌላ ቤት ይገባል።

በሰሜን ወሎ፣ በመቄት ወረዳ ያሉ መንደሮች በዚህ ሐሳብ ሠርተዋል። ነዋሪዎቹ ራሳቸው የእንግዳ ጎጆ ሠርተው፣ የአካባቢውን ምግብ እያቀረቡ፣ ገቢውን በጋራ አስተዳድረዋል።

ማገዶውስ ከየት ይመጣል?

ጠላ ሲጠመቅ አብዛኛውን ሥራ የሚሠሩት በዓይን የማይታዩ ናቸው። ገብስ በቅሎ ብቅል ሲሆን ስታርችን ወደ ስኳር የሚቀይሩ ኢንዛይሞች ያወጣል። እርሾ ደግሞ ስኳሩን ወደ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጠዋል። ጌሾው መራራ ጣዕም ይሰጣል፤ አንዳንድ ባክቴሪያዎችንም ይገታል። ይህ ሁሉ ያለ እሳት ይሆናል። እሳት የሚፈልገው እህሉ ሲቆላና ቂጣው ሲጋገር ነው።

እዚህ ላይ ነው እንጦጦ የሚመጣው። በምኒልክ ዘመን ለአዲሲቱ ከተማ የእንጨት እጥረት መፍትሔ ሆኖ የገባው፣ ትውልዱ አውስትራሊያ የሆነው ባሕር ዛፍ ተራራውን አልብሶታል። ቅጠሉንና ጭራሮውን በጀርባቸው አዝለው ቁልቁል የሚወርዱት ደግሞ ሴቶች ናቸው። ስለዚህ የማገዶ ነገር የደን ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የእነዚህ ሴቶች ወገብም ጉዳይ ነው።

ጠላ ቤቱ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ቢጠቀም፣ በደንብ የደረቀ እንጨት ቢያነድ ብዙ ይቆጥባል። እርጥብ እንጨት ሙቀቱን መጀመሪያ የራሱን ውኃ ለማትነን ይጨርሰዋልና። ከእንጨት ተሸካሚዎቹ መካከል ማኅበር አቋቁመው ወደ ሽመና የዞሩ አሉ። ሥራቸውን ጠላ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ መሸጥ ለጎብኚውም ለእነሱም ይጠቅማል።

አተላውስ?

አተላ ቦይ ውስጥ ከተደፋ፣ ባክቴሪያዎች ሲያበሰብሱት የውኃውን ኦክስጅን ይጨርሱታል። ከእንጦጦ የሚነሱት ጅረቶች ደግሞ ከተማዋን አቋርጠው ወደ አቃቂ ነው የሚወርዱት። ያው አተላ ለከብት ግን ጥሩ መኖ ነው። ላም ላላቸው ጎረቤቶች መስጠት ቆሻሻውን ወደ ወተት ይቀይረዋል።

ወንበሩ የማን ነው?

ትልቁ አደጋ የሚመጣው ነገሩ ሲሳካ ነው። ጎብኚ ሲበዛ ዋጋ ይንራል፤ ለዓመታት እዚያ ሲጫወቱ የኖሩት አባወራ ደጅ ይቀራሉ። ያኔ ጠላ ቤቱ ስሙ እንጂ ነገሩ የለም። ጎብኚው የመጣው ጠላውን ብቻ ሳይሆን ጨዋታውንም ፈልጎ ነዋ! የሰፈሩን ሰው ዋጋ መጠበቅ፣ ውኃውንና ዕቃውን ንጹሕ ማድረግ፣ ካሜራ ከመደቀን በፊት ፈቃድ መጠየቅ ቀላል ግን ወሳኝ ሥርዓቶች ናቸው።

እናንተስ? በአገራችን ሕግ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥ ክልክል ነው። ግን ትኩስ የተበረዘ ብርዝ ወይም ሻይ ይዞ ቁጭ ብሎ፣ ብቅሉ እንዴት እንደሚሠራ ጠማቂዋን መጠየቅ ይቻላል። አንድ ክፍለ ጊዜ የኬሚስትሪ ትምህርት ነው።