ኮሶ፦ የምሬትና የፈውስ ትእምርት በሰሜን ሸዋ ደጋ

ተማሪዎቼ በግጥም ውስጥ «ኮሶ» የሚል ቃል ሲያጋጥማቸው ብዙውን ጊዜ «መራራ ነገር» ብለው ፈትተው ወደሚቀጥለው ስንኝ ያልፋሉ። ፍችው ስሕተት ባይሆንም ጎደሎ ነው። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ የጎደለውን ግማሽ ከመንዝ፣ ከግሼና ከመርሐቤቴ ኑሮ ጋር አያይዞ ማሳየት ነው።

ኮሶ በበጋ ቅጠሉን የማያረግፍ የደጋ ዛፍ ሲሆን ከ2,300 እስከ 3,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይበቅላል። ከጥቅምት ወዲህ በመንዝ አመዳይ ሣሩን ሲያነጣው ኮሶ እንደለመለመ የአበባ ዘለላውን አንጠልጥሎ ይታያል። ወንዴውና ሴቴው ዛፍ ይለያያሉ፤ ለመድኃኒት የሚፈለገው ቀላ ያለው የሴቴው አበባ ነው። በጃማና በወንጭት ሸለቆ ወዳለው የመርሐቤቴ ቆላ ዛፉ አይወርድም፤ የሚወርደው የደረቀው አበባ ነው፣ በገበያ በኩል።

አበባው ተወቅጦ በውሃ ወይም በጠላ ይበጠበጥና በማለዳ በባዶ ሆድ ይጠጣል። ጠጪው ኮሶው እስኪያሽረው ድረስ እህል አይቀምስም። «ዛሬ ኮሶ ጠጥቷል» ከተባለ እንግዳ አይገባበትም፤ ሥራም አይታዘዝም። ጥሬ ሥጋ በሚበላበት አገር ይህ ቀን በየሁለት ወሩ ገደማ ይመላለስ ነበር። (መጠኑ ካለፈ የዓይን ብርሃን እንደሚያጠፋ ሐኪሞች መዝግበዋልና የአበው መድኃኒት ሁሉ አይጎዳም የሚለውን አልቀበልም።)

ከሁሉ የሚደንቀኝ የስሙ ነገር ነው። ዛፉ ኮሶ፣ መድኃኒቱ ኮሶ፣ በሆድ ያለው ትልም ኮሶ ይባላል። ደዌና ፈውስ በአንድ ስም ተጠሩ ማለት ነው። ፍካሬያዊ ፍችውም ከዚሁ ይመነጫል። ከእሬት ጋር እናነጻጽረው፦ እሬት ሕፃን ጡት እንዲተው የእናት ጡት ይቀባል፤ ምሬቱ የሚያርቅ ነው። ኮሶ ግን ዓይን ተጨፍኖ፣ በፈቃድ፣ ለመዳን የሚዋጥ ምሬት ነው። ሁለቱን በአንድ «መራራ» መፍታት ግጥሙን ማደህየት ይሆናል።

ሻጯ ግን ክብር አልነበራትም። ካሣ ኃይሉ፣ የኋላው ዐፄ ቴዎድሮስ፣ «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እየተባሉ ይሰደቡ ነበር። በ1830ዎቹ መጨረሻ የእቴጌ መነን የጦር አለቃ ደጃዝማች ወንድይራድ ይህንኑ እየፎከሩ ዘምተው ተማረኩ፤ ካሣም እናቴ ዛሬ ያልሸጠችው ተርፏል በማለት ኮሶ እንዳጠጧቸው ይተረካል። እዚህ ላይ ትእምርቱ ሌላ መልክ ይይዛል፤ ጠጪው በፈቃዱ አልጠጣምና ፈውሱ ወጥቶ ቅጣቱ ብቻ ይቀራል። ስለሆነም ኮሶ ባለበት ጽሑፍ ሁሉ ማን አጠጣ፣ ማን ጠጣ ብሎ መጠየቅ ይገባል።

እንክብል ከመጣ ወዲህ የኮሶ ቀን በብዙ ቤት ቀርቷል፤ ዛፉም ለጣውላ ተመናምኗል። ቀኑን የሚያስታውሱ አረጋውያን ግን በመንዝና በግሼ ዛሬም አሉ። የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የምትሹ ተማሪዎች፣ ሥነ ቃሉን ከእነርሱ አንደበት ጠጪው፣ ሻጯና አስታማሚዋ ከሚነጋገሩበት አውድ ጋር ብትሰበስቡ መልካም ነው።