«ፈላ» እና «ተብላላ»፤ ስለ ቤት ውስጥ ጠመቃ የሙያ ቃላት

አንድ የውጭ አገር ጥበብ ወደ አማርኛ ሲተረጎም ተርጓሚውን በመጀመሪያ የሚያሳስበው ቋንቋው የሌለው ቃል ነው። ይሁን እንጂ ቋንቋው በዘርፉ የዳበረ የሙያ ቃል ሲኖረው የሚያጋጥመው ችግር ከዚህ የተለየ ነው፤ ይኸውም ነባሩ ቃል ከአዲሱ ፅንሰ ሐሳብ ጋር በከፊል ብቻ መግጠሙ ነው። ለዚህም የቤት ውስጥ ጠመቃ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። በውጭ አገር ኤል የተባለውን የቢራ ዓይነት በቤታቸው ለሚጠምቁ ሰዎች የተዘጋጀ ጥቅል ይሸጣል። በውስጡም በቆርቆሮ የታሸገ ወፍራም የብቅል ፈሳሽ፣ ደረቅ እርሾና የአሠራር መመሪያ ይገኛሉ። ድሬዳዋ ላይ የሚኖር አንባቢ የዚህን መመሪያ የአማርኛ ትርጉም ተከትሎ ሳይሳሳት ይጠምቅ ዘንድ የቃላቱ ምርጫ እንዴት መሆን እንዳለበት ቀጥለን እንመለከታለን።

ሀ. ነባሩ የጠላ ጠመቃ ስያሜ

በአማርኛ የጠላ አጠማመቅ ደረጃዎች የየራሳቸው ስም አላቸው። በወይራ ጢስ በታጠነ ጋን ውስጥ ጌሾና ብቅል ከውሃ ጋር ሲደባለቁ ጥንስስ ይባላል። ጥንስሱ ከሰነበተ በኋላ እንኩሮ ወይም ቂጣ ተጨምሮበት ሲወፍር ድፍድፍ ይሆናል። ገና ሳይጠልል የሚጠጣው ጉሽ፣ ዋናው ጠላ ካለቀ በኋላ በቀሪው ላይ ውሃ ተጨምሮ የሚገኘው ቀጭን መጠጥ ቅራሪ፣ በመጨረሻ የሚቀረው ዝቃጭ አተላ ነው። ከእነዚህ ቃላት አንዳንዶቹ ከጋን አልፈው ወጥተዋል። «ሤራ ጠነሰሰ» እንላለን፤ ድፍድፍም «ያልተጣራ» የሚለውን ፍች ይዞ «ድፍድፍ ነዳጅ» የሚለውን ስያሜ አስገኝቷል።

ለ. የ«ፈላ» ሁለት ፍች

ውሃ በእሳት ይፈላል፤ ጥንስስም ያለ እሳት ይፈላል። የሁለቱ የጋራ ባሕርይ መንተክተክና አረፋ ማውጣት ነው። ለጠላ ጠማቂዋ ዐውዱ ፍቹን ስለሚለይላት ቃሉ አያሳስታትም። በመመሪያው ውስጥ ግን ሁለቱ ድርጊቶች ተከታትለው ይመጣሉ። በመጀመሪያ የብቅሉ ፈሳሽ በፈላ ውሃ ይሟሟል፤ ቀጥሎ ቀዝቃዛ ውሃ ተጨምሮበት በብዙዎቹ ጥቅሎች 23 ሊትር ያህል ይደረጋል፤ ከዚያም ሲቀዘቅዝ እርሾው ይነሰነስበታል። ተርጓሚው «እርሾ ጨምሮ ማፍላት» ብሎ ቢጽፍ አንባቢው ድስቱን እሳት ላይ ይጥዳል፤ እርሾውም በሙቀቱ ይሞታል።

ከዚህ የባሰውም ሁለተኛው ስሕተት ነው። «መፍላቱን ሲያቆም በጠርሙስ ይሞላ» የሚል ዐረፍተ ነገር ላይ ላዩን የሚታየው አረፋ ሲረግብ ይበቃል የሚል ስሜት ይሰጣል። ነገር ግን ስኳሩ ተበልቶ ሳያልቅ መጠጡ ቢታሸግ እርሾው በጠርሙሱ ውስጥ ጋዝ ማመንጨቱን ይቀጥላል፤ ጠርሙሱም ሊፈነዳና ሰው ሊያቆስል ይችላል።

ስለሆነም «ፈላ» ለእሳቱ ብቻ እንዲወሰን፣ የእርሾው ሥራ ግን «ተብላላ» በሚለው ግሥ እንዲገለጽ ሐሳብ እናቀርባለን። ቃሉ አዲስ አይደለም፤ ምግብ በሆድ ውስጥ ይብላላል፤ ጉዳይም በአእምሮ ይብላላል። አንድ ነገር በጊዜ ብዛት ከውስጡ መለወጡን ስለሚያሳይ ለፅንሰ ሐሳቡ ይስማማል። የድርጊቱ መጨረሻም በአረፋ ሳይሆን የፈሳሹ እፍግታ በተከታታይ ቀናት ሲለካ አለመለወጡን በማረጋገጥ መገለጽ አለበት።

ሐ. በከፊል የሚገጥሙ ቃላት

1. ብቅል። ያለ ችግር ይገጥማል። በቀለ ከሚለው ግሥ የወጣ ሲሆን አሠራሩን ራሱን ይናገራል። በድሬዳዋ ኦሮምኛ ተናጋሪውም ቢቂላ ስለሚል አማርኛን በሁለተኛ ቋንቋነት ለሚያነብ ሰው ቅርብ ነው።

2. ድፍድፍ። እህሉና ፈሳሹ አንድ ላይ የሚብላሉበት ስለሆነ ከእህሉ የተለየውንና ገና ያልተብላላውን ጣፋጭ ፈሳሽ አይተካም። ለዚህ «የብቅል ጭማቂ»፣ ውሃው ተንኖለት ለወፈረው ደግሞ «የብቅል ወለላ» ቢባል ይሻላል። ወለላ ከሰፈፍ የተለየ ንጹሕ ማር በመሆኑ ምስሉ ይስማማል።

3. ጌሾ። ሆፕ ለተባለው ተክል ምትክ ማድረግ ያሳስታል። ሁለቱም መጠጥን ቢያመሩም ጌሾ ቅጠሉና እንጨቱ የሚገባ ቁጥቋጦ ሲሆን ሆፕ አበባው የሚፈላ ሐረግ ነው። ስሙ እንዳለ ተወስዶ «የሆፕ አበባ» ይባል።

4. እርሾ። በባልትና ከቀድሞው ሊጥ የሚተርፍና ልዩ ልዩ ተሐዋስያን ያሉበት ነው። በጥቅሉ ያለው ግን ተመርጦ የተራባ ስለሆነ «ደረቅ የቢራ እርሾ» ተብሎ ይለይ።

5. ጠላ። ኤልን ጠላ ማለት የሁለቱንም ማንነት ያጠፋል። «ቢራ» የሚለው የውስጥ ስም ሆኖ «ኤል» ዓይነቱን ይለይ።

መ. ቃሉ የሚነበብበት ስፍራ

ድሬዳዋ የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ከደረሰባት ጊዜ ጀምሮ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና ሐረሪ የሚገናኙባት ቆላማ ከተማ ናት። ይህም በትርጉሙ ላይ ሁለት ነገር ያስከትላል።

አንደኛ፣ «በክፍል ሙቀት ይቀመጥ» የሚለው ሐረግ ለቀዝቃዛ አገር የተጻፈ ነው። የኤል እርሾ በአብዛኛው ከ18 እስከ 24 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲስማማው የድሬዳዋ ቀን በሞቃቶቹ ወራት ከ30 በላይ ነው። ስለዚህ ሐረጉ በቁጥር ይተካ።

ሁለተኛ፣ በከተማይቱ በሃይማኖቱ ምክንያት አልኮል የማይቀምስ ሰው ብዙ ነው። «ያልተብላላ የብቅል መጠጥ» እና «ከአልኮል ነጻ» አንድ አይደሉም፤ ሁለተኛው ተብላልቶ አልኮሉ የወጣለት ሊሆን ይችላል። ይህን ልዩነት የሚያደበዝዝ ትርጉም የአንባቢውን ውሳኔ ይነጥቀዋል።

በአጠቃላይ ነባሩ ቃል የሚገጥመውን ያህል ይወሰድ፤ የማይገጥመው ይለይ። የጠላን ቃላት ጠንቅቀው የሚያውቁት ጠማቂ እናቶች ስለሆኑም የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ አስቀድሞ እነርሱን ይጠይቅ።