በበዓል ማዕድ ፊት ቢላዋውና መክተፊያው ይንጹ

በዳሞታ ተራራ ግርጌ በተቆረቆረችው በወላይታ ሶዶና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች መስከረም የድርብ ደስታ ወር ነው። የወላይታ ሕዝብ ዘመን መለወጫ የሆነው ጊፋታ ከመስከረም 14 እስከ 20 ባሉት ቀናት መካከል በሚውለው እሑድ ይከበራል፤ መስከረም 17 ቀን ደግሞ ቤተ ክርስቲያናችን በዓለ መስቀልን ታከብራለች። አባወራው ለበሬ መግዣ፣ እማወራዋ ለቅቤ ዓመቱን ሙሉ ያጠራቀሙት ለዚህ ሰሞን ይውላል። በሬው ታርዶ በቅርጫ ይከፋፈላል፤ ጥሬ ሥጋውም ከዳጣ በርበሬ ጋር ይቀርባል። በዓሉ ረቡዕ ወይም ዓርብ ውሎ ጾሙ ካልከለከለ በቀር በኦርቶዶክሳዊው ቤትም ማዕዱ ይኸው ነው።

ከ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ወዲህ በረኪናና የእጅ ሳኒታይዘር ከብዙ ቤት ገብተዋል። መክተፊያውን በረኪና ረጨት አድርጎ፣ እጅንም በሳኒታይዘር አሸት አድርጎ ወደ ሥጋው መቅረብ በቂ የሚመስለው ሰው ጥቂት አይደለም። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም።

የጤነኛ ከብት ሥጋ ውስጡ አብዛኛውን ጊዜ ከባክቴሪያ የጸዳ ነው። ሳልሞኔላና ኢ. ኮላይ የተባሉት በሽታ አምጪ ባክቴሪያዎች ሥጋውን የሚያገኙት ከቆዳው፣ ከፈርሱ፣ ከሰው እጅና ከመሣሪያው ነው። ቢላዋው በላይ ያለውን ወደ ውስጥ ያስገባል፤ ሥጋው ለክትፎ ሲደቅማ በገጹ የነበረው ሁሉ ከመላው ሥጋ ጋር ይደባለቃል።

እነዚህ ባክቴሪያዎች በደንብ ባልታጠበ መክተፊያ ላይ ሲያርፉ ብቻቸውን አይቀመጡም። ተጣብቀው ይራባሉ፤ ሙጫ የመሰለ ነገርም አመንጭተው በእርሱ ይሸፈናሉ። ሊቃውንቱ ይህን ሽፋን ባዮፊልም ይሉታል። በሽፋኑ ውስጥ የተጠለለ ባክቴሪያ ጀርም ገዳይ መድኃኒትን የመቋቋም ኃይሉ ብቻውን ከሚኖረው እስከ 1,000 እጥፍ ሊደርስ ይችላል። በረኪናው ከላይኛው ንጣፍ፣ ከደምና ከስብ ጋር ሲታገል ኃይሉ ያልቃልና ከሥር ያለው በሕይወት ይተርፋል።

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። ሆላንዳዊው አንቶኒ ቫን ሊውዌንሁክ በማጉያ መነጽሩ የጥርሱን ቆሻሻ መርምሮ፣ አፉን የተጉመጠመጠበት ኮምጣጤ በላይ ያሉትን ጥቃቅን ፍጥረታት ብቻ እንደ ገደለ፣ ወደ ውስጥ ግን እንዳልዘለቀ እ.ኤ.አ. በ1684 በታተመው ደብዳቤው አስታውቋል።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ። በመጀመሪያ የሥጋው ቅሬታና ስቡ ይፋቅ። ቀጥሎ መክተፊያውና ቢላዋው በሙቅ ውኃና በሳሙና በብሩሽ ይፈተጉ፤ ሽፋኑን የሚነቅለው መፈተጉ ነውና። ከዚያም በንጹሕ ውኃ ይለቅለቁ። በረኪናው የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው። የክሎሪን መጠኑ 5 ከመቶ ከሆነ ለ5 ሊትር ውኃ 20 ሚሊ ሊትር ይበቃል። ዕቃው ቢያንስ ለ2 ደቂቃ በውሁዱ እንደ ራሰ ይቆይ፤ በጨርቅ ሳይወለወል በነፋስ ይድረቅ። በረኪና ከኮምጣጤም ሆነ ከሎሚ ጋር ፈጽሞ አይቀላቀል፤ መርዛም ጋዝ ይወጣዋል። ውሁዱም በየዕለቱ አዲስ ይዘጋጅ። እጅም ቢሆን ደምና ስብ ካለበት ሳኒታይዘሩ ይደክማልና አስቀድሞ በሳሙና ይታጠብ።

በኦሪት ዘሌዋውያን የረከሰ የሸክላ ዕቃ እንዲሰበር፣ የእንጨቱ ግን በውኃ እንዲታጠብ ታዝዟል። ሥርዓቱ ስለ ባክቴሪያ የተነገረ ባይሆንም ዕቃ ሁሉ በአንድ መንገድ እንደማይጠራ ያስገነዝበናል። ብሩሽ የማይደርስበት ጥልቅ ስንጥቅ ያለው መክተፊያም መለወጥ ይገባዋል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ቢሆን ንጹሕ መክተፊያ ጥሬ ሥጋን ፍጹም አስተማማኝ አያደርገውም። የኮሶ ትል እጭ የሚኖረው በሥጋው ውስጥ ነው፤ በረኪና አይደርስበትም። ዳጣውም ለምላስ ቢጣፍጥ መድኃኒት አይሆንም። ለብለብ የተባለው ክትፎ እንኳ በቂ ሙቀት አያገኝም፤ የተፈጨ ወይም የደቀቀ ሥጋ እስከ ውስጡ 71 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሊደርስ ይገባዋል። ስለዚህ ሥጋው በሐኪም ተመርምሮ ከታረደ ከብት ይሁን፤ ለሕፃናት፣ ለነፍሰ ጡሮች፣ ለአረጋውያንና ለሕሙማን ደግሞ በስሎ ይቅረብ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ግምት በተበከለ ምግብ ምክንያት በየዓመቱ 600 ሚሊዮን ሰዎች ይታመማሉ፤ 420 ሺህ ይሞታሉ። ከሟቾቹም 125 ሺህ የሚሆኑት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆነ ሕፃናት ናቸው።

ጌታችን የጽዋውን ውጭ እያጠሩ ውስጡን የሚተዉትን ፈሪሳውያንን መገሠጹን በማቴዎስ ወንጌል እናነባለን። ቃሉ ስለ ልብ ንጽሕና የተነገረ ነው፤ ለጓዳችንም ግን ምሳሌ ይሆነናል። ከላይ የተረጨ በረኪና ከሥር ያለውን እድፍ አያነጻም። ወንድሙን ለማዕድ የጠራ ሰው በፍቅር የዘረጋው እጅና የያዘው ቢላዋ ለእንግዳው የሕመም ምክንያት እንዳይሆኑበት አስቀድሞ ይትጋ። እንግዳን ማክበር ከዚህ ይጀምራልና።

የመስቀሉ በረከት አይለየን። መልካም በዓል።