ፍየል ከመጫኑ በፊት የዐይን ቆቡ ውስጥ ይታይ
ከሞያሌ ተጭኖ ናይሮቢ ኪያማይኮ ገበያ የሚገባ ፍየል ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ደሙን የጨጓራ ትል የመጠጠው እንስሳ ይህን መንገድ ላይችለው ይችላል። ምልክቱ የታችኛው የዐይን ቆብ የውስጥ ቀለም ነው። በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀው «ፋማቻ» የተባለ የቀለም ሰሌዳ ከ1 እስከ 5 ደረጃ አለው፦ 1 ቀይ፣ 3 ሮዝ፣ 5 ነጭ። ሁለቱም ዐይኖች በቀን ብርሃን ይታያሉ። 4 እና 5 ላይ ያለ ፍየል መድኃኒት እንጂ ጭነት አይገባውም። አቧራ ያቀላው ዐይን ግን ያታልላል። ንጣቱም ከገንዲ ወይም ከመዥገር ሊመጣ ስለሚችል የእንስሳት ሐኪም ይጠየቃል። መድኃኒት የወሰደ ፍየል ደግሞ በመድኃኒቱ ላይ የተጻፈው የመቆያ ጊዜ ሳያልቅ ለእርድ አይቀርብም።