አድፋጩ ቀስተኛ

በኢንተርኔት ሰው ከሰው በሚዋጋባቸው ጨዋታዎች ውስጥ እንደ አድፋጭ ቀስተኛ የሚጠላ ተጫዋች ማግኘት ይከብዳል። ሳይታይ ይጠጋል፣ ሳይሰማ ያነጣጥራል። የተመታው ሰው ዞር ብሎ የመታውን ሲፈልግ ከሣርና ከዛፍ በቀር የሚያገኘው የለም። ተጫዋቾች ሬንጀር የሚሉት ይህ ሚና ብዙ ጊዜ የፈሪ ሥራ ተብሎ ይታማል። እኔ ግን ከሃላሌ፣ ከሶዶ ወይም ከአረካ ሆኖ ወደዚህ ዓለም ለሚገባ ወጣት ከዚህ የተሻለ የውጊያ ሚና የለም ባይ ነኝ። ምክንያቱን ከመናገሬ በፊት ቀስተኛውን ላስተዋውቅ።

ሬንጀርን በሙሉ መልኩ ለማየት ወደ ዳርክ ኤጅ ኦፍ ካሜሎት መሄድ ይበጃል። ሚቲክ ኢንተርቴይንመንት የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2001 ያወጣው ጨዋታ ነው። ዓለሙ ለሦስት ባላንጣ መንግሥታት ተከፍሏል፤ አልቢዮን ከንጉሥ አርተር አፈ ታሪክ፣ ሚድጋርድ ከሰሜን አውሮፓ አማልክት፣ ሃይበርኒያ ከአየርላንድ ተረት የተቀዱ ናቸው። ሦስቱም ተሰውሮ የሚወነጭፍ ቀስተኛ አላቸው፣ አፈጣጠራቸው ግን ይለያያል። የአልቢዮኑ ስካውት ረጅም ደጋንና ጋሻ ይይዛል። የሚድጋርዱ ሃንተር ጦር ይታጠቃል፣ አብሮት የሚዋጋ አውሬም አለው። ሬንጀር የሚባለው የሃይበርኒያው ነው። እሱ ጠላት ደጁ ሲደርስበት ደጋኑን ትቶ በሁለት እጁ ሁለት መሣሪያ ይመዛል፤ ራሱን የሚያበረታበት ጥቂት አስማትም ያውቃል።

እዚህ ጨዋታ ውስጥ መሰወር ጨርሶ መጥፋት አይደለም። የተሰወረ ተጫዋች እርምጃው ዝግ ይላል፤ ጠላት በጣም ከቀረበው ያየዋል፤ ፍላጻ ሲለቅ ወይም ሲመታ ደግሞ መሰወሩ ይፈርሳል። ከዚህም የባሰ አለ። ነፍሰ ገዳዮች የሚባሉት፣ ጩቤያቸውን መርዝ የሚቀቡ ተዋጊዎች በስውርነት ከሬንጀር ይበልጣሉ፤ በውጊያ ባጠራቀሙት ነጥብም የተሰወረ ቀስተኛን ከሩቅ የሚያዩበትን ችሎታ መግዛት ይችላሉ። ስለዚህ አዳኙ ራሱ የሚታደንበት ሰዓት አለ። ለእኔ የሚናው ውበት ያለው እዚህ ላይ ነው። ሬንጀር ሆኖ የሚጫወት ሰው ከፊቱ ያለውን ዒላማ እያየ ከኋላው ያለውን ቁጥቋጦ መርሳት አይችልም።

ቀጥሎ ምቱ አለ። ጅማት መሳብ ጊዜ ይወስዳል። ላልጠረጠረ ጠላት የሚዘጋጀውና ከሌላው ሁሉ የበለጠ የሚጎዳው ፍላጻ ደግሞ ከተራው ምት የረዘመ ጊዜ ይጠይቃል። በዚያ መሃል አንድ ሰው ደርሶ ቢመታህ ስበትህ ይቋረጣል። እንግዲህ ሬንጀር የሚኖረው በርቀት ነው፤ ርቀቱን ካጣ ሞቱ ቀርቧል። ይህን እውነት እ.ኤ.አ. በ2004 እንደወጣው ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት አጉልቶ ያሳየ ጨዋታ አላውቅም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የዚያ ጨዋታ ቀስተኛ ከ8 ያርድ ባነሰ ርቀት መወንጨፍ አይችልም ነበር፤ ከ5 ያርድ በላይ ደግሞ በእጅ መሣሪያ አይደርስም። በመሃል ባሉት 3 ያርዶች ውስጥ ባዶ እጁን እንደቆመ ሰው ነበር። ጎበዝ ባላንጣዎች ልክ እዚያ ክፍተት ላይ እየቆሙ ስንቱን ፈጁት። ክፍተቱ የተዘጋው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው።

አሁን ወደ ሃላሌ ልመለስ። ሃላሌ በወላይታ የኪንዶ ዲዳዬ ወረዳ ከተማ ናት። ወረዳው ከዳውሮ ጋር በሚገናኝበት በኦሞ ወንዝ ላይ ጊቤ 3 ቆሟል፤ ቁመቱ 243 ሜትር የሆነና 1870 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው ግድብ፣ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. የተመረቀ። ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅሰው ኃይል የሚመነጨው ከጎረቤት ነው ማለት ነው። ጨዋታው የሚካሄድበት ሰርቨር ግን ብዙ ጊዜ ያለው አውሮፓ ውስጥ ነው። ብዙ ኩባንያዎች ሰርቨር የሚያስቀምጡባትን ፍራንክፈርትን እንውሰድ፤ በአየር መስመር ቢለካ እንኳ ከ5000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ብርሃን በመስታወት ገመድ ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ትእዛዝህ ደርሶ መልሱ እስኪመለስ፣ ምንም ዓይነት መጨናነቅ ባይኖር እንኳ፣ ከ50 ሚሊ ሰከንድ በታች ሊወርድ አይችልም። ገመዱ ደግሞ በአየር መስመር አይሄድም። የባሕር በር ስለሌለን በጎረቤት አገሮች በኩል ዞሮ ባሕር ይገባል፤ በየመንገዱም ብዙ መሣሪያ ያልፋል። ተጫዋቾች ፒንግ የሚሉት ይህ መዘግየት ነው።

የሰው ዓይን አይቶ እጅ እስኪታዘዝ ሩብ ሰከንድ ያህል ይፈጃል። በዚያ ላይ 200 ሚሊ ሰከንድ ፒንግ ሲጨመር ሰይፍ ይዞ ፊት ለፊት የሚጋጠመው ልጅ በእያንዳንዱ ምት ወደ ኋላ ይቀራል። ፍራንክፈርት ተቀምጦ የሚጫወተው ባላንጣ የምላሽ ጊዜው ከእሱ በግማሽ ገደማ ያጠረ ነው፤ ጉብዝና ብቻውን ይህን አይሞላም። አድፋጩ ቀስተኛ ግን ምላሽ የሚሰጥ ተዋጊ አይደለም። ቦታውን፣ ዒላማውን፣ ሰዓቱን የሚመርጠው እሱ ነው። የመጀመሪያው ፍላጻ ሩብ ሰከንድ ቢዘገይ ያልጠረጠረው ሰው አያመልጥም። ትዕግሥትና ማስተዋል ፒንግ የለባቸውም።

አንድ ነገር ግን በግልጽ መነገር አለበት። ይህ የሚሠራው ዒላማህን መርጠህ ከያዝክ በኋላ ፍላጻው ራሱ በሚከተልባቸው ጨዋታዎች ነው። በስልክ በስፋት በሚጫወቱት በፐብጂ፣ 100 ሰው በአንድ ካርታ በሚወርድበት፣ ጥይቱ የሚሄደው ጣትህ ባነጣጠረችበት ቦታ ነው። መረቡ ሲዘገይ የምታየው ሰውየው ጥቂት ቀደም ሲል የነበረበትን ቦታ ነው። እዚያ የሚያደፍጥ ሰው የሚሮጠውን ትቶ የቆመውን፣ ዕቃ የሚለቅመውን ቢጠብቅ ይሻለዋል።

ስለ ፈሪነቱ ሐሜት የምለው አለኝ። ብቻውን ጫካ ውስጥ ተቀምጦ ያገኘውን መንገደኛ እየጣለ ነጥብ የሚለቅም ሬንጀር ለወገኑ የሚያመጣው ጥቅም ትንሽ ነው፤ ወቀሳው እሱን በትክክል ያገኘዋል። የሬንጀር ትልቁ ሥራ ግን ቃፊርነት ነው። በካሜሎት ጦርነቱ የሚካሄደው ምሽግ በመያዝና በማስለቀቅ ነው። በወላይታ የንጉሥ አማዶን ኬላ ያየ ሰው የድንጋይ ካብ ብቻውን አገር እንደማይጠብቅ ይገባዋል፤ ጠላት በየት በኩል፣ ስንት ሆኖ እንደሚመጣ ቀድሞ የሚናገር ዓይን ያስፈልጋል። 40 ሰው በድልድዩ እያለፈ ነው ብሎ የተናገረ ሬንጀር አንድም ፍላጻ ሳይወረውር ምሽግ ያድናል። መወርወር ካለበትም የጠላትን ፈዋሽ ቢመርጥ መልካም ነው። ፈዋሹ የወደቀበት ጭፍራ ብዙ አይቆይም።

ለመጀመር የሚያስብ ሰው ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት በየወሩ የውጭ ምንዛሪ እንደሚጠይቅ ይወቅ። ጊልድ ዋርስ 2 ግን መሠረታዊ ክፍሉ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በነጻ ነው፤ በውስጡም ሬንጀር አለ። የረጅም ደጋኑ ተራ ምት ከሩቅ ሲመጣ የበለጠ ይጎዳል፤ ሌላው ምቱ ደግሞ ዒላማውን ሲያገኝ ቀስተኛውን ለጥቂት ሰከንድ ይሰውረዋል። ጨዋታው በአሥሮች የሚቆጠር ጊጋባይት ስለሚይዝ በስልክ ዳታ ማውረድ አያዋጣም፤ ጥሩ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ፈልጋችሁ አውርዱ። ከዚያ ፒንጋችሁን በቀንም በሌሊትም ለኩ። ከ150 ሚሊ ሰከንድ በላይ ከሆነ ሰይፉን ለሌላ ተዉና ደጋኑን ያዙ።