ስለ ማጣትና ስለ ማግኘት፤ ተቃራኒ የሚመስለው የወንጌል ቃል ሐተታ

በማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 16 በቍጥር 25 የተነገረው ትምህርት፥ ላይ ላዩን ለሚያይ ሰው እርስ በርሱ የሚጣላ ይመስላል። ለሕይወቱ የሚሳሳ ያጣታል፥ ስለ ጌታ ብሎ የሚያጣት ያገኛታል ማለት ነውና። ማጣት እንደ ምን ማግኘት ይሆናል ቢሉ፥ ነገሩን በታሪክ መስሎ ማስረዳት ይገባል።

እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ከ1878 እስከ 1932 በጅማ የነገሡት ዳግማዊ አባ ጅፋር፥ ለሸዋው ንጉሥ ለምኒልክ ሳይዋጉ ገበሩ። ክብራቸውን ዝቅ ቢያደርጉ አገራቸው ከጦር ጥፋት ዳነች። የከፋው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ግን ዘውዴን አልሰጥም ብለው ተዋጉ፤ በ1897 ተማረኩ፥ አገራቸውም እጅግ ተጎዳች፤ እርሳቸውም በግዞት ሳሉ በ1919 ሞቱ።

ይህን የሰማ ሰው፦ ዝቅ ያለው አገኘ፥ እምቢ ያለው አጣ፤ ቃሉ ተፈጸመ ይል ይሆናል። ነገር ግን እንዲህ አይደለም። ሊያተርፍ አስቦ የሚሰጥ ነጋዴ ነው። የአጋሮ ሰው አንድ ፈረሱላ ቡና ሰጥቶ ዋጋውን ቢቀበል፥ ሸጠ ይባላል እንጂ መጸወተ አይባልም።

አንድም፥ የተረፈው ለማን ተረፈ ተብሎ ይመረመራል። ጅማ በሰላም ስትኖር የሂርማታ ገበያ ደመቀ። ቡናና ዝባድ፥ የዝሆን ጥርስም በሚሸጥበት በዚያው ገበያ፥ ከጎረቤት አገር የተማረከ ሰው እንደ ከብት ይሸጥ ነበር። በከፋም ዘመቻ የጅማ ጦር አብሮ ዘመተ። ለአንዱ ሰላም የሆነው ለሌላው ሰንሰለት ሆነ። በከፋም ቢሆን ባርያ ይሸጥ ነበርና፥ መዋጋት ብቻውን ጽድቅ አይሆንም።

እንግዲያ አባ ጅፋር ሊዋጉ ይገባ ነበርን ቢሉ፥ አይገባም፤ የሕዝብን ደም ማዳን መልካም ነው። ጉድለቱ ከመገበር አይደለም፤ የዳነው ሰላም የታሰረውን አለማሰቡ ነው እንጂ። የምሥጢሩ ቍልፍ «ስለ ጌታ» የሚለው ነው። በምዕራፍ 25 ለታናናሾች የተደረገ ለእርሱ እንደ ተደረገ አስተምሯልና፥ ታናሹን የረሳ ማጣት ስለ እርሱ የተደረገ አይደለም።

ስለዚህ ሹም ክብሩን ትቶ ዕርቅ ሲያደርግ፥ የዕርቁን ዋጋ የሚከፍለው ማን እንደ ሆነ ይመርምር። ራሱ ከከፈለ አጥቶ አገኘ፤ ደካማው ከከፈለለት ግን፥ ያተረፈ መስሎት አጣ።