በሐሳብ ዶቃ መቁጠር

በቦሌም ሆነ በአካባቢው የአባከስ ትምህርት የሚከታተል ልጅ ካለዎት፣ ሒሳብ ሲጠየቅ ጣቶቹን በባዶ ጠረጴዛ ላይ ሲያንቀሳቅስ ሳይመለከቱ አልቀሩም። ይህን እንደ ጨዋታ ቆጥረው «እጅህን ሰብስብ!» አይበሉት፤ ሕፃኑ በሐሳቡ በሣለው የመቁጠሪያ ሰሌዳ ላይ ዶቃ እየገፋ ነውና።

የጃፓኑ ሰሌዳ በየዘንጉ አምስት ዶቃዎች አሉት። በአንድ ቤት ከአግዳሚው በላይ ያለችው ዶቃ 5፣ ከበታች ያሉት አራቱ እያንዳንዳቸው 1 ናቸው። የሚቆጠረውም ወደ አግዳሚው የተጠጋው ብቻ ነው። እንግዲህ 7 ማለት አንዲት የላይና ሁለት የታች ዶቃ ነው። በዚህ ላይ 8 ለመደመር፣ 8 ከ10 በ2 ያንሳልና፣ ልጁ ሁለቱን የታች ዶቃዎች ይመልስና በስተግራ ባለው የዐሥር ቤት አንዲት ዶቃ ያስጠጋል፤ 15 ይሆናል። እጁ ይህን ከለመደ በኋላ ሰሌዳው ይነሣል፤ ምስሉ ግን በአእምሮው ይቀራል።

ታዲያ ይህ ትምህርት ልጅን በሁሉ ነገር ብልህ ያደርገዋልን? በህንድ አገር በቫዶዳራ ከተማ 204 ሕፃናትን በሁለት ከፍሎ ለ3 ዓመት የተከታተለ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት መልስ አለው። አባከስ የተማሩት በሒሳብ በልጠው ተገኙ፤ በጠቅላላው የማሰብ ኃይል ግን ከሌሎቹ አልተለዩም። ይበልጥ የተጠቀሙትም ከመነሻው ምስልን በአእምሮ ይዞ የማቆየት ችሎታ የነበራቸው ናቸው።

ስለዚህ ገንዘብዎን ሲከፍሉ የስሌት ቅልጥፍናን እንጂ ሊቅነትን አይጠብቁ። ልጅዎ ከጎረቤት ልጅ ቢዘገይም፣ ስንፍና ነው ብለው አይገሥጹት።